ሁለት ሌንሶች ወደ ሳነቴ

የተፈጥሮ ክበባችን በዐቢይ ጾም ወደ ባሌ ተራሮች ሄዶ መመለሱን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። መኪናው ጠባብ ስለነበር የሄድነው ግማሾቻችን ብቻ ነን። የቀሩት ጓደኞቻችን መንገዱንም አየሩንም እንዲያውቁት ማስታወሻ ጻፊ ተብያለሁና እነሆ ጻፍኩ።

ስሜ ማህሌት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለጉዞው ፎቶ አንሺ ሆኜ የተመረጥኩት ከሌሎቹ ስለምበልጥ አይደለም። አባቴ አዲስ አበባ፣ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ፎቶ ቤት አለው፤ «ካሜራ ከየት ይምጣ?» ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ዓላማችን ሳነቴ በሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ማየትና ፎቶውን ለክበቡ ይዞ መምጣት ነበር። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። እኔ ግን በግሌ ከአባዬ ጋር የገባሁት ውልም ነበረኝ። እሱን ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁምና ከዚያ ልጀምር።

ሀይሌ ጋርመንት፣ ከጉዞው በፊት

የአባዬ ፎቶ ቤት ፊቱን ወደ ታክሲ ተራው አድርጎ ነው የቆመው። መስኮቱ ላይ አንዲት ሙሽራ ተሰቅላለች። ትልቅ ፎቶ ነው፤ ፊቷና ቬሏ መስኮቱን ሞልተውታል፤ ከኋላዋ የነበረው ሁሉ ጭጋግ ሆኖ ጠፍቷል። እዚያ ከተሰቀለች ዓመታት ስላለፉ ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ያዩዋታል፣ ማየታቸውን ግን አያስታውሱም።

በዓመቱ መጨረሻ የትምህርት ክፍል እንመርጣለን። አባዬ አካውንቲንግ እንድማር ይፈልጋል። እኔ የምፈልገው ባዮሎጂ፣ ከዚያም የዱር እንስሳት ጥናት ነው። ተጨቃጭቀን አናውቅም፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ፣ ከዚያ ሻይ ቀርቦ ወሬው ይቀየራል። ለጉዞው ፈቃድ ስጠይቀው ግን ሌንስ እየጠረገ እንዲህ አለኝ፦

«ማሂ፣ ከዚህች ሙሽራ ቦታ የሚሰቀል አንድ ፎቶ አምጪልኝ። ካመጣሽ ስለ ምርጫሽ አንድ ቃል አልናገርም።»

«ካላመጣሁስ?»

«ካላመጣሽ አካውንቲንግ ጥሩ ትምህርት ነው።»

ካሜራው ሊለቀቅልኝ የቻለው ጾም ስለነበረ ነው። በጾም ሰርግ የለም። ከቅበላ እስከ ፋሲካ የሰርግ ፎቶ አንሺዎች ሌንሳቸውን ያጸዳሉ፣ የተበላሸውን ያስጠግናሉ፣ እርስ በርስ ይዋዋሳሉ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ግን ለሰላምታ እንኳ ጊዜ የላቸውም። ሌንስ መዋስ የሚፈልግ ሰው ጊዜው ያ ነው።

አባዬ ባንኮኒው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ሌንሶቹን ደረደረልኝ። ቦርሳው ከካሜራው ጋር ሁለት ብቻ ነው የሚይዘው፤ የቀሩት ደግሞ ለጉርድ ፎቶና ለክርስትና ሥራ ይፈለጋሉ። አንደኛው ሰፊው ነው፤ አንድ ድንኳን ሙሉ እንግዳ በአንዴ ያነሳል። ሁለተኛዋ ሃምሳዋ ናት፤ ሃምሳ ሚሊሜትር ለማለት ነው። እንደ ሎሚ ቀላል ናት፤ አታቀርብም፣ አታርቅም፣ የሰው ዓይን የሚያየውን ያህል ብቻ ታያለች። በልጅነቴ ፎቶ ማንሳት የተማርኩት በእሷ ነው። ሦስተኛው ከሰባ እስከ ሁለት መቶ ሚሊሜትር የሚያቀርበው፣ አባዬ «ሰባ ሁለት መቶ» የሚለው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካህናቱ አጠገብ መቆም ስለማይቻል ቃል ኪዳኑን ከሩቅ የሚያነሳበት። አራተኛው የእኛ አይደለም። የእግር ኳስ ፎቶ ከሚያነሳ ጓደኛው የተዋሰልኝ ነው። እስከ ስድስት መቶ ሚሊሜትር ያቀርባል፤ ሲዘረጋ ክንዴን ያክላል፤ ክብደቱ ደግሞ ከታቀፉት በኋላ ማስቀመጫ እንደሚፈልግ ሕፃን ነው።

ረጅሙን ለመሞከር የኮንዶሚኒየማችን ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከእኛ ሰፈር ሥጋ ቤቶች በላይ ሁልጊዜ ጭልፊት ስለሚያንዣብብ በእሱ እለማመዳለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ፀሐይ እስኪያቃጥለኝ ድረስ ጠበቅኩ። አንድም ጭልፊት የለም። ወርጄ ለአባዬ ስነግረው ሳቀብኝ።

«ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ ጭልፊቱ ምን ሊሠራ ይመጣል? እሱም እንደ እኔ ሥራ ፈት ነው፤ ፋሲካን ይጠብቃል።»

በማግስቱ ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ርግቦቹ ላይ ተለማመድኩ። በየሳምንቱ የማያቸው ርግቦች ናቸው። በረጅሙ ሌንስ ሳያቸው ግን ዓይናቸው ዙሪያ ቀይ ቆዳ፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ እንዳለ አየሁ። ያን ሁሉ ዘመን ርግብ አይቼ እንደማላውቅ ቆጠርኩት። የሌንሱን ችግርም ያኔ አወቅኩ፦ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ፎቶው ይደበዝዛል፣ ሲደመና ይጨልምበታል፣ ክንድ ደግሞ ቶሎ ይዝላል። እማዬ ይህን ስትሰማ አሮጌ ጂንስ ሱሪ ቆርጣ ትንሽ ትራስ ሰፋችልኝና ጥሬ ሽምብራ ሞላችበት። የመኪና መስኮት ላይ ሳስቀምጠው ሌንሱ እላዩ ላይ ተደላድሎ ይተኛል። እንዲህ ያለ ጉዞ ለምታስቡ ሁሉ ከልቤ እመክራለሁ።

ረጅሙን መያዜ እርግጥ ነበር። ሁለተኛው ላይ ግን ተቸገርኩ። ልቤ ሰባ ሁለት መቶው ላይ ነበር፤ ቀበሮው ቢቀርብ ይጠቅመኛል ብዬ። ነገር ግን ጉዞውን የምትመራው መምህራችን ቲቸር ሰናይት የሁላችንም የጋራ ፎቶ እንዳይቀር አደራ ብላኝ ነበር፤ ለጋራ ፎቶ ደግሞ ሰባ ሁለት መቶው ጠባብ ነው። እንዳላሳዝናት ብዬ፣ ከሰፊው ይልቅ ቀላሏንና የለመድኳትን ሃምሳዋን ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር ወደ ቦርሳው ስከታት ቦታ እንዳጠፋሁ ነበር የተሰማኝ።

አባዬ የቦርሳውን ዚፕ ሲዘጋ የሰርግ ትምህርቱን ደገመልኝ። ፊት ላይ ቅረቢ። ከኋላ ያለውን ሁሉ በሌንስ ጥረጊው። አገጭ ቀና እስኪል ጠብቂ። ጀርባ በጭራሽ አታንሺ፤ የሰው ጀርባ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ ሁለተኛ ሰርግ አይጠራም። በቃሌ ስለማውቀው አብሬው አልኩት።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ

ጎህ ሳይቀድ ሀይሌ ጋርመንት ተሰብስበን በተከራየነው መኪና ተነሳን። ሹፌራችን ጋሽ ደምሴ ረጅም መንገድ የለመዱ፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠው የጎፋው ጓደኛዬ ናሆም ነው። የሽምብራውን ትራስ ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ «ጾሙ ከጠናብን ይህን ቆልተን እንበላለን» አለ። ቀልዱን እስክንመለስ ድረስ አልተወውም።

ከቃሊቲ ወዲያ ቱሉ ዲምቱ ላይ ፈጣኑን መንገድ ያዝን። አዳማን አልፈን ወደ አሰላ ሽቅብ ስንወጣ ሙቀቱ ቀነሰ፤ የታጨደ የስንዴ ማሳ ግራና ቀኝ እንደ ቢጫ ምንጣፍ ተዘረጋ። አሰላ ላይ በያይነቱ በላን። ምስሩም ድንቹም ትኩስ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በግማሽ ዋጋ ጠግበን ወጣን። በቆጂን ስናልፍ በመንገዱ ዳር የሚሮጡ ወጣቶች አየን፤ ዳገቱን እኛ በመኪና እያቃሰትን ስንወጣ እነሱ እያወሩ ይወጡታል። ከዶዶላና ከአዳባ በኋላ ቤቶቹ እየተራራቁ፣ ፈረሰኞች እየበዙ ሄዱ።

ዲንሾ የፓርኩ መግቢያ ላይ አስጎብኚያችን አቶ ከማል ተቀበሉን። ተወልደው ያደጉት እዚያው አካባቢ ነው፤ ቱሪዝም ተምረው ተመልሰዋል። ያኔ ረመዳንም ስለነበር እሳቸውም ጾመኛ ነበሩ። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ወደ መኪናው ውስጥ ዞረው አዩን። «ከፊት እስላም ይጾማል፣ ከኋላ ክርስቲያን ይጾማል፤ ዳቦዬን ለማን አሳይቼ ልብላ?» አሉ። እሳቸው የሁለቱም ጾም የለባቸውም። ዳቦዋን መሪው ስር ደብቀው ነበር የሚበሉት።

ጫካው ውስጥ በእግር ገባን። አቶ ከማል እጃቸውን አነሱ፤ ቆምን። ከዛፎቹ መሃል የደጋ አጋዘን ቆሞ ነበር። በመጽሐፍ ሥዕል ሳየው ፍየል የሚያክል ይመስለኝ ነበር፤ ፈረስ ያክላል። ቀንዱ ተጠማዞ ወደ ሰማይ ወጥቷል። ጎኑ ላይ ያሉት ነጭ ነጠብጣቦች በቅጠል መሃል ያለፈ የፀሐይ ጨረር ይመስላሉ። እያየን እያየን አንድ እርምጃ ወደኋላ ሲል ጠፋ። አልሮጠም፤ ጫካው መልሶ ወሰደው። ፎቶውን አንስቻለሁ፤ ግን ረጅሙን ሌንስ ያለ ማስደገፊያ ስለያዝኩት ደብዛዛ ነው። ትራሱ መኪና ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ሁለተኛው ቀን፦ ሳነቴ

ጎባ አድረን በጠዋት ወደ ሳነቴ ወጣን። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይሄዳል። መጀመሪያ ረጃጅም ዛፎች ነበሩ፣ ከዚያ የዛፍ ሽበት የለበሱ ቁጥቋጦዎች፣ ከዚያ ምንም። ዛፉ ሁሉ ከኋላችን ቀርቶ ሰማይና ሜዳ ብቻ ሆነ። የአገር ጣሪያ ላይ የወጣን ያህል ነው። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ራስ ያማል፤ ጥቂት እንደተራመዱ ልብ ይመታል። ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ጅብራ የሚባለው ተክል ቆሟል። ከሰው ይረዝማል፤ ከሩቅ ሲታይ ጋቢ ለብሶ የሚጠብቅ ዘበኛ ይመስላል። በመሃል በመሃሉ ትናንሽ ሐይቆች አሉ፤ ንፋሱ ሲያርፍ ደመናውን መልሰው ያሳያሉ።

መኪና ውስጥ ማንም ሳያዝዝ ድምፃችን ቀነሰ። ናሆም እንኳ ስለ ሽምብራው አላነሳም።

መሬቱ ሕያው ነው። ለካስ ያ ሁሉ ጉድጓድ የፍልፈል ነው፤ አንገቱን ብቅ ያደርጋል፣ አፈር ይገፋል፣ ይጠፋል። ቀበሮው የሚኖረው በእነሱ ነው። አቶ ከማል በኦሮምኛ ቀይ ቀበሮን ጄዳላ ፈርዳ እንደሚሉት ነገሩን፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ፈረሶችና ከብቶች መሃል አብሯቸው እየሄደ ፍልፈል ስለሚያድን ነው አሉ። ከብቶቹም አይፈሩትም።

ይህን እየነገሩን ሳለ ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው ፍሬን ያዙ። «ያውላችሁ» አሉ በሹክሹክታ።

ከመንገዱ በስተግራ፣ ቀይ። በዚያ ግራጫ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ቀለም ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም። እግሮቹ ረጃጅም፣ ደረቱ ነጭ፣ ጅራቱ ጫፉ ላይ ጥቁር። ትራሱን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ፣ ረጅሙን ሌንስ አስተኛሁበት፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ቀበሮው አንድ ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ነበር። አንድ እግሩን አንስቶ አላወረደውም። ጆሮዎቹ ብቻ ወደፊት ዞሩ። እኛም አብረነው ቆምን፤ መኪና ሙሉ ሰው አንድ ጉድጓድ ይጠብቃል። በድንገት ወደ ላይ ተወረወረና በአፍንጫው መሬቱን ወጋው። ባዶ ነበር። ቀና ብሎ ወደ እኛ አየ፤ ያፈረ ይመስል ነበር።

ያን ጊዜ ነው የካሜራውን ቁልፍ የተጫንኩት። ፊቱ ምስሉን ሞላው። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ የማር ቀለም ያለው ነው። አገጩ ቀና ብሏል። ከኋላው ያለው ሜዳ ተጠርጎ ለስላሳ ጭጋግ ሆኗል። አባዬ ያስተማረኝ ሁሉ በአንድ ፎቶ ላይ ተሟላ። ካሜራው ጀርባ ላይ ሳሳያቸው ሁሉም ተንጫጫ፤ ቲቸር ሰናይት ትከሻዬን አቀፈችኝ። በልቤ «ሙሽራዋ ወረደች» አልኩ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጎባ ተመልሰን ነበር። አቶ ከማል ጾማቸውን በቴምር ፈቱና ከመንገድ ዳር የምስር ሳምቡሳ ገዝተው ለሁላችን አደሉን፤ አንዱ በአሥራ አምስት ብር ነበር። ዘይትና ምስር ብቻ ስለሆነ ለእሳቸውም ማፍጠሪያ ለእኛም የጾም ምግብ ሆነ። ጋሽ ደምሴ አብረውን በልተው፣ «አሁን ገና ሰው ሆናችሁ» አሉን።

ሦስተኛው ቀን፦ የጋራ ፎቶው

በማግስቱ ጠዋት ከመመለሳችን በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ሳነቴ ወጣን። ቲቸር ሰናይት የጋራ ፎቶው እዚያ እንዲሆን ፈልጋ ነበር። ጋሽ ደምሴ መኪናውን መንገድ ዳር አቁመው ጋቢያቸውን ተከናነቡ፤ እኛ ከአንድ ጉብታ ላይ ወጣን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ከጫማችን ስር እንደ ስኳር ይንኮሻኮሻል። ረጅሙን ሌንስ ከትራሱ ጋር መኪናው ውስጥ ተውኩት። ሃምሳዋን ካሜራው ላይ ገጠምኩ።

ሁሉንም ደረደርኳቸው፤ አቶ ከማልንም መሃል አቆምኳቸው። የሰርግ ልጅ ነኝና ረጃጅሞቹን ከኋላ፣ አጫጭሮቹን ከፊት አድርጌ፣ «ናሆም ኮፍያህን አውልቅ፣ ተጠጉ» ማለቱን አውቅበታለሁ። ሁሉም ፈገግ ብለው ወደ እኔ እያዩ ነበር። ዓይኔን ካሜራው ላይ አደረግኩ።

ከኋላቸው፣ ሜዳው ላይ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ትሄድ ነበር።

ከእኔ በቀር ያየ የለም። መኪናው ከታች ነው፤ ሮጬ ረጅሙን ላምጣ ብል ቀበሮው ይሸሻል። ሌንስ ለመቀየርም ጊዜ የለም። አባዬ ቢኖር ቀበሮውን ተዪና ፊት ፊታቸውን አንሺ ይለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። አፌ ግን ሌላ ነገር ተናገረ።

«ቀስ ብላችሁ ዙሩና ቁጭ በሉ» አልኳቸው። «ምንም አትናገሩ።»

አንዳንዶቹ ለፎቶው የሚሆን አዲስ ነገር ያዘዝኳቸው መስሏቸው ነበር። ዞሩ፤ አዩ፤ አንድ በአንድ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አሁን ፊት ለፊቴ ያለው ጀርባ ብቻ ነው፦ ጋቢ፣ ጃኬት፣ ናሆም ያላወለቀው ኮፍያ፣ የአቶ ከማል ሻሽ። ከእነሱ ወዲያ ሜዳው፣ ሐይቁ፣ ከሜዳው በታች የተኛው ደመና፣ ከሁሉም በላይ ሰማይ። በዚያ ሁሉ ውስጥ ቀበሮው እንደ አንድ የበርበሬ ፍሬ ነበር። አንድ ጊዜ ተጫንኩ።

ከዚያ ቀበሮው ቆመና ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ ጮኸ። ጩኸቱ የውሻም የጅብም አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ ሜዳውን ሙሉ ይሄዳል። ከጅብራዎቹ መሃል ሌላ ቀበሮ ወጣ፤ ከድንጋይ ጀርባ ሌላ፤ ከሐይቁ ዳር ሁለት። እየሮጡ መጥተው ተገናኙ። አፍ ለአፍ ተሳሳሙ፣ ጅራታቸውን ወዘወዙ፣ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ስር እየገቡ ተንከባለሉ። በዓል ቤት የሚገናኙ ዘመዳሞች ናቸው የሚመስሉት። ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የተለያዩት፤ ሰላምታቸው ግን የዓመት ነበር። ከዚያ በአንድ መስመር ሆነው ሜዳውን ተሻግረው ሄዱ።

ማንም አልተነሳም። ቲቸር ሰናይት እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። አቶ ከማል ብዙ ጊዜ እንዳዩት፣ ነገር ግን እንዲህ ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር ሆነው በጸጥታ አይተውት እንደማያውቁ ቀስ ብለው ነገሩን። እኔ ደግሞ ካሜራው ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ያስተዋልኩት ያኔ ነው። የቀበሮዎቹን ሰላምታ አንድም አላነሳሁም። ካሜራ መያዜን ረስቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጋራ ፎቶውን በፊት በኩል አነሳን። ሁሉም ፈገግ ብለዋል፤ ዓይናቸው ግን ከእኔ አልፎ ሌላ ነገር ያያል።

አራተኛው ቀን፦ ቤት

አዳባ አድረን ተመለስን። መንገዱን ሁሉ የቀበሮውን ፊት እያየሁ ነበር የመጣሁት። አዳማ ላይ ሙቀቱ ሲቀበለን፣ ቃሊቲ ላይ ከባድ መኪናው ሲዘጋብን፣ እሱ በማር ዓይኑ ያየኛል። የጀርባውን ፎቶ አንድ ጊዜ አየሁትና አለፍኩት። ለአባዬ የማሳየውም አልመሰለኝም።

ፎቶ ቤቱ ስደርስ አባዬ ከሁሉ በፊት የተዋሰውን ሌንስ ተቀበለኝና መስታወቱን በብርሃን አየው። ደህና መሆኑን ሲያረጋግጥ ኮምፒውተሩን ከፈተ። የቀበሮው ፊት ወጣ። ብዙ ጊዜ አየው።

«አገጩ ቀና እስኪል ጠብቀሻል።»

«አዎ።»

«ከኋላው ያለውን ጠርገሽዋል።»

«አዎ አባዬ።»

«ቆንጆ ነው» አለ። «ግን ይሄ የእኔ ፎቶ ነው ማሂ። ያንቺ የቱ ነው?»

መስኮቱ ላይ ያለችውን ሙሽራ ከጀርባዋ በኩል አየኋት፤ እውነቱን ነው፣ ቀበሮዬን ቬል ብቻ ነው ያላለበስኩት። አባዬ መልሴን አልጠበቀም፤ ራሱ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማሳለፍ ጀመረ። የደበዘዘው አጋዘን፣ ጅብራው፣ ሐይቁ አለፉ። ጀርባዎቹ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«እነዚህን ለምን አዞርሻቸው?»

ነገርኩት። «ቀበሮው የታለ?» አለኝ። በጣቴ ላሳየው ፈለግኩና ተውኩት። መነጽሩን አደረገ፣ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፣ ከሐይቁ ጀምሮ ሜዳውን ፈለገ። ሲያገኘው ትከሻው ወረደ።

«ከዚህ በኋላስ ምን ሆነ?»

ጩኸቱን፣ የተሰበሰቡትን፣ ሰላምታቸውን ነገርኩት። የዚያ ፎቶ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ካሜራ መያዜን ረስቼ እንደነበር ስነግረው ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እሱ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

«ይሄን ያህል ዘመን ሰርግ ሳነሳ» አለ፣ «ካሜራ ይዤ እንደነበር አንድ ቀን ረስቼ አላውቅም።»

መነጽሩን መልሶ አደረገና ወደ ጀርባዎቹ ፎቶ ተመለሰ።

በሳምንቱ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ ሙሽራዋ ወርዳለች። ይህ ለአባዬ ቀላል ነገር አይደለም። ከፋሲካ በኋላ የሚጋቡ ጥንዶች ፎቶ አንሺ የሚመርጡት በጾሙ መጨረሻ ነው፤ በየመስኮቱ ሙሽራ እያዩ ነው የሚገቡት። የእኛ መስኮት ላይ ግን አሁን ሣር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ጀርባ ተሰቅሏል። ገብቼ ስለ ትምህርት ክፍል ምርጫዬ እንደወሰንኩ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ሃምሳዋን መጥረጉን ቀጠለ። ቃሉን ጠበቀ።

ሌንስ ስለመምረጥ የሚጠይቁኝ ጓደኞች አሉ። ረጅም ሌንስ ካገኛችሁ ያዙ፤ እሱ ባይኖር የቀበሮውን ዓይን አላይም ነበር። ትራሱንም አትርሱ። ትንሿን ሌንስ ግን ቦታ አጠፋች ብላችሁ ቤት አትተዉዋት። ከሩቅ የመጣ ሰው የሚያየው ፊት ብቻ አይደለም፤ የቆመበትንም ማየት አለበት። ይህን ሳነቴ ላይ ተማርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ የገባኝ ግን እዚሁ ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስጠብቅ ነው።

ሥራ የሚወጣበት ሰዓት ስለነበር ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እስከ ፎቶ ቤታችን መስኮት ድረስ ይመጣል። ፊቴ የቆሙት ሴትዮ ጎመን የያዘ ፌስታላቸውን መሬት አስቀምጠው መስታወቱን አተኩረው ያያሉ። «እነዚህ ምን እያዩ ነው?» አሉ። አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰውዬ፣ «ቀበሮ አለ አሉ፤ እኔ ትናንትም አጥቼው ነው የሄድኩት» አላቸው። አንድ ሌላ ሰው ከኋላ ተጠጋ፤ «የቱ ጋ?» አለ። «ዝም በል፣ እየፈለግን ነው።» ታክሲ መጥቶ ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ሴትዮዋ አልተንቀሳቀሱም።

እኔም ከኋላቸው ቆምኩ። ፊት ለፊታችን ናሆም፣ ቲቸር ሰናይትና አቶ ከማል ጀርባቸውን ሰጥተውን ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኛ ከእነሱ ኋላ ቆመን ወደዚያው ወደ ሜዳው እናያለን። ቀበሮው የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ለጥቂት ጊዜ ጠፋኝና ከሰዎቹ ጋር ፈለግኩት።